አሥራ ሁለት ትንፋሽ

ነገሩን እንደ ሰማሁት ላውጋችሁ፤ የጨመርኩበት ቢኖር ጨው ብቻ ነው።

ለሆሳስ የሚባል ሐይቅ ነበር። በአንድ በኩል ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ በሌላው በኩል ከባሕሩ የሚለየው አንድ የአሸዋ ግድብ ነበር። ነዋሪዎቹ ዓሦች ናቸው። ዓሦች ናቸው ካልኩ ዓሦች ናቸው! "እገሌን ማለቱ ነው" እያላችሁ በክርናችሁ የምትጎሻሸሙ ካላችሁ በራሳችሁ ኃላፊነት ነው፤ እኔ የለሁበትም።

የለሆሳስ ሕዝብ ሁለት ነገር አጥብቆ ይጠላ ነበር። አንዱ መደንገጥ ነው። "ውኃ እናት ናት፤ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ የሚደነግጥ ምን ዓይነት ልጅ ነው?" ይላሉ። ሁለተኛው ውኃ መጠጣት ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ጨው በሌለው ውኃ የሚኖር ዓሣ አይጠጣም፤ ውኃው ራሱ በቆዳውና በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት የጉንጩ መስኮት፣ እየሰረገ ይገባለታል። እንዲያውም ትርፉን ሲያስወጣ ነው የሚውለው። ስለዚህ በለሆሳስ አፉን ከፍቶ ውኃ ሲጎነጭ የተገኘ "አፈ ክፍት!" ተብሎ ይሰደባል፤ ከዚያ ቤት ልጅ የሚያገባ፣ ለዚያ ቤት ልጅ የሚድር አይገኝም።

ንጉሡ አባ ጸጥታ ሪዛም አምባዛ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው፤ ከተራራ የወረደው ውኃ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሱ ጢም ነው። አንድ ቀን ከእንቅልፉ ተነሥቶ "የሐይቅ ንጉሥ መባል አሳፈረኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የባሕር ንጉሥ በሉኝ" አለ። ሹማምንቱ "ይገባዎታል!" አሉ፤ መቼስ እነሱ ይገባዎታል ያላሉት ነገር የለም። ሐይቁ ባሕር እንዲሆን የአሸዋው ግድብ ተናደ። ባሕሩም ሳይለመን ገባ።

መጀመሪያ ዓይን ቆጠቆጠ። ቀጥሎ ቆዳ ተኮማተረ። ከዚያ ልብ ይደልቅ፣ ስንጥብ ይርገበገብ ጀመር። ሕዝቡ "ኧረ ውኃው ምን ነካው?" ሲል ሊቀ ጣዕም የሚባል ሹም ተሾመ። ይህ ሹም በየጠዋቱ ከንጉሡ ጢም ሥር ሆኖ ውኃውን በምላሱ ጫፍ ይነካና "ያው ነው! ጣፋጭ ነው!" ብሎ ያውጃል። አልዋሸም እኮ። እዚያ ጣፋጭ ነው።

ውኃው ያው ከሆነ ታዲያ የሚደነግጠው ዓሣ ምን ሆኖ ነው? ክፉ ሆኖ ነዋ! ስለዚህ የእርጋታ ሕግ ወጣ። በሐይቁ መካከል አንድ ረጅም ድንጋይ አለ፤ "ዝም አይነቅዝም" የሚል ተቀርጾበታል። ሕዝቡ በየጠዋቱ በየሰፈሩ ተሰልፎ በድንጋዩ ሥር ያልፋል። ቆጣሪዋ ከድንጋዩ ጫፍ ጠጠር ትለቃለች፤ ጠጠሩ ወርዶ አሸዋ እስኪነካ ድረስ የአንዱ ዓሣ ስንጥብ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ትቆጥራለች። እስከ አሥራ ሁለት ጨዋ ነው። ከአሥራ ሁለት ካለፈ "ድንጉጥ" ይባልና የእርጋታ ሣር ያኝካል። ሣሩ ልብን ዝም ያሰኛል፤ ጨውን ግን ምንም አይለውም።

ቆጣሪዋ አንጓች ትባል ነበር። ዕድሜዋ ገፋ ያለ ቀረሶ ዓሣ ናት፤ ዓይኗ አይስትም፣ ምላሷ አያዳላም። "አንጓች የቆጠረችው ተቆጠረ" ይባልላት ነበርና እሷም በዚህ ትኮራ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሹመት ትንሽም ብትሆን ታሳብጣለች።

ባሏ ደምለው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሃያ ይቆጠርበት ነበር። "አንጓች፣ በደሜ ውስጥ አንድ ነገር ሩጥ ሩጥ ይላል፤ ደግሞ ጠማኝ" አላት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባል የለ? እሷ ግን ክው አለች። ዞር ብላ ሰው እንዳልሰማ አየችና አፉን በክንፏ አፈነችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ልታዋርደኝ ነው? በዚህ ዕድሜህ አፈ ክፍት ልትባል ነው?"

"ጠማኝ እኮ ነው የምልሽ።"

"እንካ፣ አኝክ!" አለችና ሣሩን ራሷ አጎረሰችው። አንድ ቅጠል፣ ሁለት ቅጠል፣ ሦስት። ደምለው እሺ ባይ ሰው ነበር፤ አኘከ። በሁለተኛው ቀን አሥራ ሁለት ሆነ። በሦስተኛው ሰባት። በአራተኛው ቀን ጠጠሩ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የደምለው ስንጥብ አንድ ጊዜም አልተከፈተም። ቆዳው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማዶ ነበር።

የእርጋታው ሹም ደርበው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ይህ ሹም ሆዱ ቀደም፣ ቃሉ ለስለስ ያለ ሰው ነው። "እትዬ አንጓች፣ እንኳን ደስ አለዎት! ባዶ! እንዲህ ያለ እርጋታ በዘመናችን አልታየም" አላትና ለሟቹ "የረጋው ደምለው" የሚል ማዕረግ ሰጠው። ሕጉ እንዲያ ነበር፤ የሞተ ስለማይተነፍስ ከሕያው ሁሉ የተሻለ ዜጋ ነው። በየወሩ ሰፈሮቹ ሲወዳደሩም ሽልማቱን የሚወስደው ብዙ የሞተበት ሰፈር ነበር። የቆላ ሰፈር ሦስት ወር በተከታታይ አንደኛ ወጣ፤ በአራተኛው ወር ሽልማቱን የሚቀበል ዓሣ ጠፋ።

አንጓች እንባዋን ውጣ አንገቷን ቀና አደረገች። ሞኝ ናት አትበሉ። እዚያ ብትሆኑ እናንተም ታኝኩ ነበር፤ እኔም አኝክ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙ። የቀረሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ ድረስ አፏን ሞልተውት ይከርማሉ፤ አትበላም፣ አታወራም፣ ሣርም አታኝክም፤ ሹሞቹም ይህን ገና ልብ አላሉትም። የአንጓች አንድያ ልጇ ስንቅነሽ የመጀመሪያ እንቁላሏን በአፏ የያዘችው አባቷ በሞተ በሳምንቱ ነበር። ለአንጓች በዚህ ዓለም የቀራት ይህ ነው፤ ስንቅነሽና ስንቅነሽ አፍ ውስጥ ያለው።

ስንቅነሽ ድንጋዩ ሥር ስትቀርብ አንጓች ጠጠሩን ለቀቀች። ሃያ ሁለት! ቆጣሪዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸች። "አሥራ አንድ" አለች፤ ምላሷ ግን አልታዘዝ ብሏት ተንተባተበች።

በነጋታው ልጇን ልትቆጣ ወደ ጎጆዋ ስትሄድ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ስንቅነሽ ጥግ ይዛ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ትጠጣለች! እንቁላሎቹን በምላሷ ወደ ጎን ገፍታ፣ በቀረው ክፍተት ውኃውን ትጎነጫለች።

"ወይ መዓት! ወይ ውርደት! ስንቅነሽ፣ አባትሽ ይህን ሳያይ በመሞቱ ታደለ!" አለች አንጓች።

ስንቅነሽ አፏ ሙሉ ነው፣ ምን ትመልስ? የእናቷን ክንፍ ያዘችና ከስንጥቧ ላይ አሳረፈችው። አንጓች ክንፏን ስታነሣ ጨው ነክቷታል። ከልጇ ስንጥብ ጨው ይወጣ ነበር። ልብ ብላ አየቻት፤ የስንቅነሽ ቆዳ ይንጸባረቃል፣ ጎኗ ሞልቷል። የራሷን ጎን አየች። ተጨማዷል፤ የደምለውን ቆዳ ይመስላል።

አንጓች ቆጣሪ ናትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ቆጠረች። በሐይቁ እንቁላል በአፋቸው የያዙ አሥራ ሰባት እናቶች ነበሩ። አሥራ ሰባቱም ከሃያ በላይ ይተነፍሳሉ። በዚያ ወር ስንት ሰው ተቀበረ፤ ከአሥራ ሰባቱ አንዲት አልሞተችም። "ሣሩን የማያኝኩት እነሱ ብቻ ናቸው" አለች ለራሷ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ የገባት፤ ያኔ ደምለውን አስታወሰችና እዚያው ድንጋዩ ሥር አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣሩን ጉንጯ ሥር ደብቃ ከሰፈር ወጣ ስትል ትተፋው ጀመር። ያኔ ድንጋጤው መጣ። እናንተዬ፣ እንዴት ያለ ድንጋጤ መሰላችሁ! ልቧ ጎኗን እየደበደበ፣ ጭራዋ እየተንቀጠቀጠ፣ "አሁን ሞትኩ፣ አሁን ሞትኩ" ስትል ዋለች። ግን አልሞተችም። ድንጋጤ ማለት በደም ውስጥ የሚሮጥ መልእክተኛ ነው። ከኩላሊት ራስጌ ተነሥቶ በየደጃፉ እየደበደበ "ተነሡ፣ ጨው ገብቷል!" እያለ ይዞራል። የስንጥብ በረኞች ዕድሜ ልካቸውን ጨው ለቅመው ወደ ውስጥ ሲያስገቡ የኖሩ ናቸው፤ መልእክተኛው ሲደርስ ግን ፊታቸውን አዙረው ወደ ውጭ መግፋት ይጀምራሉ። ሣሩ ለካ የሚሰብረው የዚህን መልእክተኛ እግር ነው። በሩን የሚያንኳኳ ከሌለ በረኛው ምን አውቆ ይነሣል?

በሁለተኛው ቀን ጠማት። አፏን ከፈተች፣ ደግሞ ዘጋች፤ ነውር በአንድ ቀን አይለቅም። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ጎነጨች። አስመለሳት። ደግማ ጎነጨች። በአራተኛው ቀን ስንጥቧ ላይ ጨው ቆጠቆጣት፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣ። ቆዳዋ ተመለሰ። ትንፋሿ ሃያ ስድስት ነበር።

ግን የለሆሳስ ሹም ሰው ዳነ ቢሉት ደስ አይለውም። ሹም ደርበውም መቁጠር ያውቃል። የእርጋታ በዓል ሲቃረብ ወደ አንጓች መጣና፣ "እትዬ አንጓች፣ ሣር የማያኝኩ ሴቶች አሉ አሉ። በበዓሉ ዕለት በንጉሡ ፊት አፋቸውን ባዶ አድርገው ያኝካሉ። ትእዛዝ ነው" አላት።

"እንቁላሉስ? ጫጩቶቹስ? ገና አልጠነከሩም እኮ፣ ጌታዬ፤ ጨው ውስጥ ቢተፉ ወዲያው ነው የሚያልቁት።"

"ይረጋሉ" አላት ሹም ደርበው፣ እንደዚያው ለስለስ ባለ ቃል።

በዓሉ ደረሰ። ሕዝቡ በየሰፈሩ ቆመ። ንጉሡም ሐይቁ ባሕር ከተባለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መካከል ወረደ። እንዴት ወረደ አትሉኝም? በወንዝ ውኃ የተሞላ ትልቅ ዛጎል ውስጥ ተቀምጦ፣ ዛጎሉ ተከድኖ፣ ስምንት ሎሌ ተሸክሞት! ሊቀ ጣዕም አብሮት ውስጥ ነበር። "ያው ነው! ጣፋጭ ነው!" የሚለው ድምፁ ከክዳኑ ሥር ታፍኖ ይሰማል።

አሥራ ሰባቱ እናቶች ከፊት ቆሙ። መጀመሪያ የተጠራችው ስንቅነሽ ናት። ሹም ደርበው ሣሩን ይዞ ቀረበ። "በሕጉ መሠረት መጀመሪያ ትቆጠር፤ እትዬ አንጓች፣ ጮክ ብለው ይንገሩን" አለ።

ስንቅነሽ እናቷን አየች። ጉንጯ ውስጥ ጫጩቶቹ ሲንፈራገጡ ይታይ ነበር። አንጓች ጠጠሯን አነሣች። ለቀቀችው።

"ሃያ ሁለት!"

በየሰልፉ ያለው ሁሉ ወደ ድንጋዩ ዞረ።

ሹም ደርበው ፈገግ አለ። "ዕድሜ ነው፤ አሥራ ሁለት ለማለት ነው። ይድገሙት።"

ደገመችው። "ሃያ አራት! ጨምሯል፤ ልጄ ፈርታለች። ደግ አደረገች!"

"እትዬ አንጓች!"

"አይ፣ ዛሬስ አልረጋም! ስሙኝ የለሆሳስ ሰዎች። ደምለውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጠማኝ ሲለኝ አፉን አፈንኩት። ሦስት ቅጠል በዚህ ክንፌ አጉርሼው በአራተኛው ቀን ቀበርኩት፤ እናንተም እንኳን ደስ አለሽ አላችሁኝ! ባለፈው ወር ከቆላ ሰፈር ስንት ቆጠርኩ? ማንንም አልቆጠርኩም፤ ማንም አልነበረማ! ውኃው ጨው ነው። ጨው! እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ እያረጋጋ ጨረሰን። የዚችን ልጅ አፍ ባዶ ከማየቴ በፊት ይቺ ድንጋይ በላዬ ትውደቅብኝ!"

ይህን ብላ ሌላ ጠጠር ለቀቀችና የራሷን ቆጠረች። "ሃያ ስድስት!" ከዚያ በሕዝብ ፊት፣ በሹም ፊት፣ በዛጎሉ ፊት አፏን በሰፊው ከፍታ ጎነጨች። ጉሮሮዋ ሲወርድ ሁሉም አየ።

"ነውር!" ብሎ ጮኸ አንድ ሽማግሌ። እሷ ሁለተኛ ጎነጨች።

በዚህ ጊዜ ዛጎሉ ውስጥ ያለው ንጉሥ ጩኸቱን ሰማ። "ማናት ይቺ ባለጌ?" አለና ክዳኑን ገፍቶ ጢሙን አወጣ። አዎ፣ ጢሙን አወጣ! ጨዉ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጢሙ ቆመ። ስንጥቡ እንደ እብድ ይርገበገብ ጀመር።

አንጓች ዓይኗን ሳትነቅል ጠጠር ለቀቀች። በለሆሳስ ታሪክ ንጉሥ ተቆጥሮ አያውቅም፤ የሚከለክል ሕግ ግን አልወጣም ነበር፣ ማን ያስባል ብለው?

"ሠላሳ ስምንት!"

"ውኃው! ውኃውን ምን አደረጋችሁት?" አለ አባ ጸጥታ እያለቀሰ።

"ያው ነው ንጉሥ ሆይ! ጣፋጭ ነው!" አለ ሊቀ ጣዕም፤ ልማድ ሆኖበት። ከኋላ አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ደነገጠ። ስንቱን ቀበርን ብሎ እያንዳንዱ የየራሱን ሟች አስታወሰ። በዚያች ጠዋት የሐይቁ ስንጥብ ሁሉ በአንድ ላይ መርገብገብ ጀመረ። አንጓች እየዞረች ትጮህ ነበር፦ "አሥራ አምስት! አሥራ ዘጠኝ! አይዞህ አንተ፣ ሃያ አንድ! ፍሩ፣ ግዴለም፣ ፍሩ! ፍርሃት አይገድልም፤ የሚገድለው ሣሩ ነው!"

"ዝጉት! ዝጉት!" አለ ንጉሡ። ሎሌዎቹ ክዳኑን ገጠሙት፤ ጨዉም ከእሱ ጋር ውስጥ ቀረ። ስምንቱ ወደ ወንዙ አፍ ይዘውት ሮጡ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ሲሉ የኖሩ አባቶቻችን እውነታቸውን ነው።

"ደንጋጮችን ሁሉ ያዙ!" አለ ሹም ደርበው። ማን ማንን ይይዛል? ያዦቹም ይርገበገባሉ። ያ "ነውር!" ያለው ሽማግሌ አፉን ከፍቶ እየጎነጨ ነበር፤ ነውሩን ይቅር ብሎት ሳይሆን ጠምቶት። ሹሙ ሣሩን እንደያዘ ግራ ቀኝ አየ። ቅርፊቱ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይረግፍ ነበር፤ ኩል ተቀብቶ ሸፍኖት ነው እንጂ። ወደ አንጓች ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ አንጓች... በቀን ስንቴ ነው የሚጎነጨው?"

"እስኪበቃህ ነዋ" አለችው። አንተ ብላ ስትጠራው ያ የመጀመሪያዋ ነው። "መጀመሪያ ሣሩን ጣል።"

ጣለው።

ከዚያ በኋላ በለሆሳስ ድንጋጤ በየቤቱ ገባ፤ የሞተ ግን ጥቂት ነው፣ ያውም ሣሩን ከልማድ መተው ያቃተው። አባ ጸጥታን ከወንዙ አፍ የነቀለው የለም። በጋ ሲመጣ ወንዙ ቀጠነ፤ የባሕር ንጉሥ ጢሙን በማታጠልቅ ኩሬ ውስጥ ቀረ። ሊቀ ጣዕምም አሁንም ጣፋጭ ነው ይለዋል አሉ።

በዓሉ ካለፈ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ስንቅነሽ እናቷን በክንፏ ጠርታ ከድንጋዩ ሥር ወሰደቻት። አፏን ከፈተች። ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ እያንዳንዱ ውኃው ሲነካው ክው ይልና ትንሿን አፉን ከፍቶ ይጎነጫል። ማንም አላስተማራቸውም። አንጓች ጠጠር አንሥታ ልትለቅ ቃጣት፤ ከዚያ አየቻቸውና ጠጠሩን ከአሸዋው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ስንቅነሽ አፏ ከሞላ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች።

"እማዬ፣ ጠማኝ።"

አንጓች ቃሉን ታውቀዋለች። ከየት እንደሰማችውም፣ ያኔ ምን ብላ እንደመለሰችም ታውቃለች። ክንፏን ወደ ልጇ አፍ አላነሣችም።

"ጠጪ፣ ልጄ" አለቻት። "አባትሽም ጠምቶት ነበር።"

ተረቴ ይኸው ነው፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ። ዳቦውን ተዉት፣ አፌን የሚያብስልኝ አልፈልግም። ይልቅ ከናንተ መካከል አንዱ ይነሣና ውኃ ያምጣልኝ፤ እኔንም ጠምቶኛል።